ታጥቦ የቀረው በር

ጋሽ ቀለም ከፍታ ፈርቶ አያውቅም። ወገቡን በገመድ አስሮ ፎቅ ላይ እየተወዛወዘ ያፏጭ የነበረ ሰው ነው። አንድ ጊዜ መሰላል ከድቶት ወድቆ ጎኑን የተሰበረ ጊዜ እንኳ፣ ሆስፒታል ሊጠይቁት የመጡትን ሰዎች ያስቸገራቸው ሕመሙ ሳይሆን፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ «ይኼን ክፍል ደግሞ የቀባው ማነው? እጁ አይባረክ!» እያለ መነጫነጩ ነበር። ስሙን ያወጡለት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው፤ እሱም ወዶታል። ትምህርት ቤት ደጃፍ አለመርገጡን የሚያውቁ ሊቀልዱበት ሲሞክሩ ቀድሟቸው፣ «እኔ እኮ በቀለም የገፋሁ ሰው ነኝ፤ ከእናንተ መሐል እንደኔ ዕድሜ ልኩን ቀለም ላይ የኖረ ማን አለ?» ይላቸዋል። ሥራውንም አሳምሮ ያውቃል። ቀለም ያለበትን ቆርቆሮ ጆሮው ሥር ወዝወዝ ካደረገ፣ ውስጡ የቀረው ለስንት በር ወይም ለስንት መስኮት እንደሚበቃ ሳይከፍተው ይነግርሃል።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው በዚያ ሰሞን መኪና ደጃፉ ላይ ቆም ባለ ቁጥር የሚበረግገው። ምሳ ላይ ተቀምጦ የሞተር ድምፅ ከሰማ ማንኪያውን ያስቀምጥና ጆሮውን ያቆማል። ሞተሩ ርቆ እስኪሄድ አይተነፍስም። ከዚያ «የዳቦ መኪና ናት» ይላል። የዳቦዋ መኪና የምታልፈው ጠዋት ነው። ምራቱ ይህን ታውቃለች፤ ግን ምን ትበለው? እሷም እኮ ትንፋሿን ውጣ ነው የቆየችው።

የሚፈራው ለሷ ነው። አንድ ልጁ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከወጣ ሳምንታት ሳይመለስ ይቆያል። ከአንዱ ጉዞው ሲመለስ ይህችን ልጅ ከድንበር ማዶ ይዟት መጣ። ጋሽ ቀለም መጀመሪያ አኩርፎ ነበር። «አገር ሙሉ ሴት ሳለ ድንበር ምን አሻገረህ?» ብሎ ጮኸ። ሦስተኛው ቀን ላይ ልጅቷ የሥራ ቱታውን አጥባ፣ የተበጫጨቀውን ኪሱን ሰፍታ ሰጠችው፤ ኩርፊያው እዚያ ላይ አበቃ። አሁን አራት ዓመት የሞላት የልጅ ልጅ አለችው። ያረጀ ቡሩሽና አንድ ጣሳ ውሃ ይሰጣታል፤ የግቢውን ግድግዳ በውሃ ስትቀባ ትውላለች፤ እስክትጨርሰው የጀመረችው ይደርቅባታል፤ «አያዬ፣ ጠፋ!» ብላ እንደገና ትጀምራለች። ልጅቱ እዚህ ተወልዳለች። እናቷ ግን የመኖሪያ ፈቃድ የላትም። በዚያ ሰፈር ከማዶ የመጡ ሁሉ የላቸውም።

ከመንገዱ ወዲያ ፊት ለፊት ያለችው ሴትም ከዚያው ናት። ለሆቴሎች አንሶላ ትተኩሳለች፤ ሰው የሚያውቃት ተኳሿ በሚል ነው። ባሏ የት እንደ ደረሰ አይታወቅም፤ ሁለት ልጆቿን ይዛ ትኖራለች። የጋሽ ቀለም ሚስት የመጨረሻ ሕመሟ ላይ ሆና ስትማቅቅ፣ ይህች ሴት ካውያዋን አስቀምጣ እየመጣች ታገላብጣት፣ ታጥባት፣ ጠጉሯን ታበጥርላት ነበር። ሚስቱ ልትሞት ሰሞን «ይቺን ልጅ እንዳትረሳት» ብላዋለች። እሱም «ምን በወጣኝ!» ብሏል።

ነገሩ የመጣው በምርጫው ነው። ሰፈሩ እስከዚያን ጊዜ ምርጫ ሲባል የሚስቅ ሰፈር ነበር። በኋላ አንድ ሐኪም እወዳደራለሁ ብሎ ተነሣ። አፉ የሚጣፍጥ፣ ሰው ሲያናግር ዓይን ዓይን የሚያይ፣ ሸሚዙን ክንዱ ድረስ ጠቅልሎ የሚሄድ ሰው። አንድ ቀን የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ሱቅ ገብቶ ሻይ ጠጣ፤ በዚያችው አንድ ሻይ ስሙ «የኛ ሰው» ሆኖ ቀረ። ያለውም ቀላል ነገር አልነበረም። «ከማዶ መጥቶ ከኛ ጋር የሚሠራ፣ ከኛ ጋር የሚያዝን ሁሉ ፈቃዱን ያገኛል። እኔ ሥልጣን ላይ እያለሁ በዚህች አገር እንደ ሌባ ተሸሽጎ የሚኖር ሰው አይኖርም» አለ። ጋሽ ቀለም ይህን የሰማ ዕለት ቤቱ ሲገባ እንደ ሕፃን ይዘል ነበር። ምራቱን ትከሻዋን ይዞ «ሰማሽ? ሰማሽ ወይ?» አላት። ሰምታለች። ፈገግ አለች፤ አላመነችም እንጂ።

የሰፈሩ የምርጫ ኮሚቴ ሰብሳቢ ልብስ ሰፊው ነበር። የጋሽ ቀለም የልጅነት ጓደኛ ነው፤ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ንግግር ያደርጋል፤ ንግግሩም እንደ ሱሪ ስፌቱ ረዘም ይላል። የፓርቲው ቀለም ብጫ ስለነበር «ደጋፊ ሁሉ በሩን ብጫ ይቀባ» የሚለውን ሐሳብ ያመጣው እሱ ነው። ቀቢው ታዲያ ማን ሊሆን ነው? ጋሽ ቀለም ብጫውን ራሱ በጠበጠ፤ የፀሐይዋን ብጫ አይደለም፣ ትንሽ ቡናማ ጠብ አድርጎበት ጠቆር ያለ። የሰፈሩን የብረት በሮች አንድ በአንድ አዳረሳቸው።

ከዚያ አንድ ነገር ቆረቆረው። ከማዶ የመጡት አይመርጡም። ቤታቸው ቢቀባም ቁጥር ውስጥ አይገቡም። «የኛ ሰው በሰፈሩ ሲያልፍ ስንት ሰው በሱ ተስፋ እንዳደረገ በምን ያውቃል?» ብሎ ሲብሰለሰል ቆይቶ፣ እጅግ ያማረ የመሰለው ሐሳብ መጣለት፦ የነሱ በር ብጫ ይሁን፤ መሐሉ ላይ ግን አንድ ነጭ መስመር ይሰመርበት። ድምፅ የለኝም፣ ግን አለሁ ለማለት። ልብስ ሰፊው ይህን ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ተኳሿን ብቻ አልዋጥ አላት። «ጋሼ፣ እኔ እስካሁን የኖርኩት ሰው ስለማያየኝ ነው» አለችው።

«ካልታየሽ ማን ይቆጥርሻል?» አላት።

«ባይቆጥሩኝስ?»

«ተይ እንጂ! ይኼ ሰው እንደ ሌሎቹ አይደለም። እኔ ዋስ እሆንሻለሁ!» አለና ሳቀባት። እሷም የሚስቱን ዓይን በእጇ የከደነች ሴት ናት፤ እሱን እምቢ ማለት አልቻለችም። መስመሩን አሰመረላት። የራሱም በር ላይ አሰመረ፤ እንዲያውም የራሱ በር ላይ ያለው ከሁሉም የጠራ ነበር።

የኛ ሰው መጣ፤ አየ። በጋሽ ቀለም በር ፊት ቆሞ፣ መዳፉን ነጩ መስመር ላይ አሳርፎ አለቀሰ። የውነቱን ነው ያለቀሰው፤ አጠገቡ የነበረ ሁሉ ይመሰክራል። ፎቶው በጋዜጣ ወጥቶ ልብስ ሰፊው ሱቅ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። የኛ ሰው አሸነፈ፤ በጠባብ ልዩነት ነው ያሸነፈው፤ ሰፈሩ ግን ጠባብ ሰፊ ብሎ የሚለካበት ሰዓት አልነበረም። ሲዘል ዋለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የማያውቅ የለም። መጀመሪያ ቃል የተገባው የአውቶቡስ ታሪፍ ቅናሽ ለከርሞ ተባለ። ቀጥሎ የቤት ኪራዩ ነገር ኮሚቴ ተቋቋመለት። ሰው ልብስ ሰፊው ሱቅ እየገባ ይበሳጫል፤ ልብስ ሰፊውም መርፌውን በከንፈሩ ይዞ ያባብላል። «ታገሱት እንጂ! ምክር ቤቱ ውስጥ ብቻውን አይደለም። ከነዚያኞቹ ከተቀናቃኞቹ ጋር ካልተስማማ አንድ ሕግ አያልፍለትም። እጁን ጠምዝዘውት ነው።»

«እጁን ሲጠመዝዙት እኛን ነው እንዴ የሚያመን?» ይላል ጋሽ ቀለም።

አንድ ዓርብ ከሰዓት ልብስ ሰፊው ሱቅ ካለው ሬዲዮ ውስጥ የዚያ ሰው ድምፅ መጣ። ያው የሚጣፍጠው ድምፅ ነው፤ ደከም ብሏል። የጤና ጣቢያዎቹ በጀት እንዲያልፍ ከነዚያኞቹ ጋር ስምምነት ተደርጓል። በምላሹ ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች ከተጨናነቁ ሰፈሮች እየተነሡ ወደ መጡበት ይመለሳሉ። «በሥርዓትና በሰብአዊነት» አለ። «ልቤ እየደማ ነው። ነገር ግን መሪ የምንመኘውን ብቻ ሳይሆን የሚቻለውን ማድረግ አለበት። የሚቻለውን ነው ያደረግሁት።»

ልብስ ሰፊው የሚሰፋውን ኮሌታ እያገላበጠ «ቤተሰብ ያለውን አይነኩም። ደውዬ እጠይቃለሁ። አውቀዋለሁ እኮ!» አለ።

«የሚቻለውን!» አለ ጋሽ ቀለም። ደም ሥሩ ተገታትሯል። «አንዱን ሸጦ ሌላውን መግዛት ነው የሚቻለው? ይኼን ነው ሰው ሆኖ አፉን ሞልቶ የሚናገረው?» ሊወጣ ዞር ሲል ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶ ፊቱ ተገተረ። መዳፍ፣ ነጭ መስመር፣ ብጫ በር። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባው። ማን የት እንደሚኖር ጠይቆ መዞር የሚያስፈልገው የለም። እሱ ራሱ በገዛ እጁ፣ ቡሩሹን አቅንቶ፣ በየበሩ ላይ አስምሮላቸዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዎች ሰፈሩ ውስጥ ገቡ። የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ለብሰዋል። ቀስ እያሉ፣ በር በሩን እያዩ ይሄዳሉ። ጋሽ ቀለም ከሱቅ ሲመለስ ከተኳሿ በር ፊት ቆመው አገኛቸው። አንደኛው መነጽር ያደረገ፣ ጨዋ ሰው ነው።

«እንደምን አደሩ አባት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ሥራው ያምራል። ይቺ ነጯ ግን ለምንድን ናት?»

«ለጌጥ ነው» አለ።

«ለጌጥ? ሁሉም ላይ የለም እኮ» አለ ሰውዬው ፈገግ ብሎ። ሌላ አልጠየቀም። ማመስገኑን ግን አመሰገነ። ጋሽ ቀለም ቤቱ ገብቶ በሩን ዘግቶ በጀርባው ተደገፈው፤ የገዛው ዳቦ ከእጁ ሲወድቅ እንኳ አላወቀም። ምራቱ «አባባ፣ ምን ሆኑ?» ስትለው «ምንም፤ ፀሐዩ ነው» አላት። ውጭ ደመና ነበር።

እሑድ ከምሳ በኋላ ልብስ ሰፊው እያለከለከ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ሜትሩ አንገቱ ላይ የለም። «ነገ ጠዋት ይመጣሉ» አለ። «ቢሮው ደወልኩ። የሚያነሣልኝ ጠፋ። በመጨረሻ አንዷ ልጅ አንሥታ ነገረችኝ።»

«ቤተሰብ ያለውንስ?»

ልብስ ሰፊው ራሱን ነቀነቀ። መንገዱ ጫፍ ላይ ፖሊሶች ቆመው መታወቂያ መጠየቅ ጀምረዋል፤ ወጥቶ መሄድም የማይሆን ነገር ሆኗል።

ጋሽ ቀለም ደረጃው ሥር ያለችውን ዕቃ ማስቀመጫውን ከፍቶ ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ ጆሮው ሥር ወዘወዛቸው። ነጩ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ግራጫው አልቋል። ብጫው ግን ከግማሽ ጋሎን ትንሽ ከፍ ይላል። ቀለም መሸጫ ሱቁ እሑድ አይከፍትም፤ ልብስ ሰፊው ባለቤቱን ፍለጋ እቤቱ ድረስ ሮጦ ባዶ እጁን ተመለሰ። ያለው ይኸው ነው።

ነጭ መስመር ያለባቸው ቤቶች ሰዎች በሹክሹክታ ተጠራርተው ወጡ። ብዙ አይደሉም። ዓይናቸው ሁሉ እሱ ላይ ነው። «አይዟችሁ!» አለ፤ ድምፁ ግን የሱ አይመስልም። «ሁሉንም እሸፍነዋለሁ። በራችሁን በሳሙና እጠቡልኝ፤ አቧራ ካለው ቀለም አይዝልኝም።»

«መስመሩን ብቻ ሸፍነው» አለ ልብስ ሰፊው ጆሮው ሥር። «ለሁሉም ይበቃል።»

«አይሆንም። የበፊቱ ፀሐይ በልቶት ደብዝዟል። አዲሱን መሐሉ ላይ ብቻ ብትጥልበት ከሩቅ ያበራል። ከነጩ የባሰ ይታያል።»

ያለው ልክ ነው። ማንም ቀለም ቀቢ ቢጠየቅ ይኼንኑ ይላል። ጠዋት ላይ ግን፣ ፀሐይ ገና ሳትወጣ፣ የሚቸኩል ሰው ዓይን ላይ ይታይ ነበር ወይ? ይህን ጋሽ ቀለም ራሱን አልጠየቀም። የጠየቀው በኋላ ነው።

«ከኔው ልጀምርና ቀለሙ እንዴት እንደሚይዝ ልየው» አለ።

ጀመረ። አንድ ጊዜ ቀባው፤ ነጩ ከሥር አፈጠጠበት። ቶሎ እንዲደርቅለት አኳራጅ ጠብ አድርጎ አቅጥኖ ሁለተኛ ደገመው፤ አሁንም ለሚያውቅ ሰው ጥላው ይታያል። ሦስተኛ ደረበው። ዳር ዳሩን፣ ማጠፊያውን፣ የቁልፉን ዙሪያ ሁሉ አዳረሰ። እንዲህ ተጠንቅቆ የቀባው በር በሕይወቱ የለም። ከጀርባው ውሃ ሲንቦጫረቅ ይሰማል። ተኳሿ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ በሯን በሳሙና እየፈተገች ነው። ትልቁ ልጅዋ ውሃ ያቀብላታል። ስትጨርስ በንጹሕ ጨርቅ አደረቀችውና ደፉ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። አልጠራችውም። ሥራ ላይ ያለ ሰው ማቋረጥ አትወድም፤ እሷም የእጅ ሥራ ነው የምትሠራው።

በሩ አለቀ። ጋሽ ቀለም ቆርቆሮውን አነሣና ጆሮው ሥር ወዘወዘው። ውስጡ የቀረውን ሰማ። ዞር ብሎ ተኳሿን አያት፤ እሷም ተስፋ አድርጋ ብድግ አለች። ያን ጊዜ ፍርሃቱ እንደ ሰው ቁጭ ብሎ አነጋገረው። «ከፊት ለፊትህ ግማሽ በግማሽ የተጠገነ በር ካዩ፣ እዚህ ሰው ቀለም ሲቀባ ነበር ይላሉ። ዞር ብለው የአንተን ያያሉ። ያሸቱታል። ከዚያ ውስጥ ገብተው ምራትህን ያወጧታል። የልጅ ልጅህም እናቷን እየተከተለች ትሄዳለች።»

ክዳኑን በቡሩሹ እጀታ መታ መታ አድርጎ ገጠመው። «መጣሁ» አላት ለተኳሿ። ገባ። በሩን ከውስጥ ዘጋው።

ሲመሻሽ ምራቱ በመጋረጃው ቀዳዳ እያየች ቆየች። «አባባ፣ እስካሁን ተቀምጣ ነው እኮ።»

«ቀለሙ አልቋል።»

«እና ነግረዋታል?»

ጣቱ ላይ የደረቀውን ብጫ በጥፍሩ ይፍቅ ጀመር።

«እኛ ጋ ትግባ። ልጆቹን ይዛ ጓዳ ትደር። ጠዋት ቤቷን ባዶ ያገኙታል።»

«ቤቱን ባዶ ካገኙ ጎረቤት መፈተሽ ይጀምራሉ!» አለ። ሳያውቀው ጮኸ፤ ልጅቱ ከአልጋው ላይ ቀና አለች። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሁላችንንም ጠርገው እንዲወስዱን ነው የምትፈልጊው? ልጄ መንገድ ላይ ነው ያለው። ሲመጣ ምን ልበለው? እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ልበለው?»

ምራቱ መጋረጃውን አስተካክላ ልጇን አቅፋ ተኛች።

ጠዋት አውቶቡሱ መጣ። ፖሊሶቹ አይጮኹም፤ አይገፉም። ለሕፃናቱ የታሸገ ውሃ የሚያድል ሰው ሳይቀር አብሮ ነበር። በሥርዓትና በሰብአዊነት ማለት ይኼ ነው እንግዲህ። ነጩን መስመር እያዩ ያንኳኳሉ፤ በትሕትና ይናገራሉ፤ ይጠብቃሉ። ልብስ ሰፊው ከጎረቤት ባለው ሱቁ ደጃፍ ላይ እንደ ሐውልት ቆሟል፤ ጋሽ ቀለም የራሱ በር ፊት። ውስጥ ከሆንኩ ይጠራጠሩኛል ብሎ ነው የወጣው። ከኋላው፣ ከብረቱ ወዲያ፣ ምራቱ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ እንደተቀመጠች ያውቃል። ልጅቱ እንዳታስነጥስ፣ እንዳትስቅ፣ «አያዬ» እንዳትል ብቻ ይለምናል። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

መነጽር ያደረገው ሰው መጣ። ከፊቱ ቆመ። በሩን አየው፤ ከላይ እስከ ታች። አፍንጫው ስትንቀሳቀስ ጋሽ ቀለም አያት።

«ቀለም ይሸታል አባት።»

«ቀለም ቀቢ ነኝ» አለ። «የምሸተው እኔው ራሴ ነኝ።»

ሰውዬው ዓይን ዓይኑን አየው። ረጅም ጊዜ የቆየ መሰለው። አውቆበታል? አላወቀበትም? «እጅዎ ይባረክ፤ ጥሩ ሥራ ነው» አለና መንገዱን ተሻገረ።

የተኳሿ በር ከሰፈሩ በሮች ሁሉ ያበራ ነበር። ሌሎቹ በችኮላ ውሃ አፍስሰውበት ስለተዉት ነጩ እንደደበዘዘ ነው፤ የሷ ግን በሳሙና ተፈትጎ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተወልውሎ ትናንት የተሰመረ መስሏል። መነጽራሙ ሰውዬ መፈለግም አላስፈለገውም። አንኳኳ። ለብሳ ነበር የምትጠብቀው፤ ልጆቿንም አልብሳለች። ካውያዋን በፎጣ ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛለች። በሯን ቆለፈች፤ ቁልፉን ምን እንደምታደርገው ግራ ገብቷት ትንሽ ቆመችና ኪሷ ከተተችው።

ወደ አውቶቡሱ ስትሄድ ጋሽ ቀለም ዘንድ ስትደርስ ቆም አለች። አዲሱን በር አየችው።

«ጋሼ፣ ቀለሙ አለቀ እንዴ?» አለችው።

ቁጣ የለበትም። ሽሙጥ የለበትም። የውነቷን ነው የምትጠይቀው፤ እስኪመሽ ደፍ ላይ ተቀምጣ የጠበቀችው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ፈልጋለች፤ ሌላ ምንም አይደለም። ብትሰድበው ምን ነበረበት! ብትተፋበት በተሻለው ነበር።

አፉን ከፈተ። «የሚቻለውን ነው ያደረግሁት» አለ።

ከጎኑ ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ አየው። ያን ቃል ሁለቱም የት እንደሰሙት ያውቃሉ። ጋሽ ቀለም ያን ቃል የተናገረውን ሰው ከዓርብ ጀምሮ ሲረግመው ነው የሰነበተው። ልብስ ሰፊው ሱቁ ገብቶ ያን ፎቶ ከግድግዳው ላይ ሲልጠው ተሰማ። ተኳሿ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለችና ልጆቿን ቀድመው እንዲወጡ አደረገች። አውቶቡሱ ሄደ።

ጋሽ ቀለም ሲገባ ምራቱ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ብጫው ቆርቆሮ ፊቷ ነው። ክዳኑን በማንኪያ ጀርባ ፈልቅቃ ከፍታዋለች፤ ውስጡን አዘንብላ እያየች ነው። ቀለሙ ከታች ተኝቷል፤ አልደረቀም። ሁሉንም ሰምታለች፤ በሩ ላይ እኮ ነበረች።

«አባባ» አለችው ቀና ሳትል፣ «ይኼ ለስንት መስመር ይበቃ ነበር?»

ወዝውዞ ማየት አላስፈለገውም። ትናንት ሰምቶታል።

«ለሦስት» አላት።

ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። ከመንገዱ ጫፍ የሞተር ድምፅ መጣ። የምን መኪና እንደሆነ አልጠየቀችውም፤ እሱም የዳቦ መኪና ናት አላላትም። ልጇን አነሣችና ጓዳ ገባች።